በልጄ ድርሰት ውስጥ ቦታ ስፈልግ

ቅናት የወጣት በሽታ ነው የሚል ሰው ካለ ራሱ ገና ወጣት ነው ማለት ነው። እኔ በዕድሜዬ ክፉኛ የቀናሁት፣ ምግብ አልዋጥ እስኪለኝ ድረስ የቀናሁት፣ ፀጉሬ ከፊት ሸሽቶ ከኋላ ከሸበተ በኋላ ነው። የቀናሁበትም ሰው ደረቱን ነፍቶ የሚሄድ ጎረምሳ ቢሆን ኖሮ ለወግም ይመች ነበር። አልነበረም። ዘጠና ሊሞላው የተቃረበ፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚገፋ፣ ጆሮው ላይ የሰካት የመስሚያ መሣሪያ በነካት ቁጥር እንደ ወፍ የምትጮህበት የሚኒሶታ ሽማግሌ ነው።

ይህን ስጽፍ ባለቤቴ ከኋላዬ አንገቷን አስግጋ አነበበችና «አሁንም አልወጣልህም?» አለችኝ።

አልወጣልኝም።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። ሚኒያፖሊስ፣ ፊሊፕስ ሰፈር እንኖር ነበር። እኔ መሀል ከተማ በአንድ ፓርኪንግ መውጫ ላይ፣ የመስታወት ሳጥን ውስጥ ተቀምጬ ከባለመኪናዎች ሒሳብ እቀበላለሁ፤ ባለቤቴ ከከተማው ወጣ ብሎ ኤደን ፕሬሪ ባለ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ታሽጋለች። ገና ጡት ሳትጥል ይዘናት የመጣነው አንዲት ልጃችን ወንዙ ዳር ባለው ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ደርሳ፣ ሐኪም እሆናለሁ ብላ ቆርጣ ተነሥታለች።

እኔ የማውቀው የሐኪም አገባብ ቀላል ነበር። ትፈተናለህ፣ ውጤት ይለጠፋል። ነጥብ ካለህ ሐኪም ትሆናለህ፤ ከሌለህ መምህር ትሆናለህ። እኔ ደሴ መምህር ነበርኩ። እዚህ አገር ግን ነጥብ የሚያገለግለው ማመልከቻህን ሳያነቡ እንዳይጥሉት ብቻ ነው። ልጄ ከነጥቧ በተጨማሪ ላቦራቶሪ ውስጥ መሥራት፣ ሐኪም እየተከተሉ ሲሠራ ማየት፣ በሽተኛና አረጋዊ በነፃ ማገልገል፣ አስተማሪዎቿን ምስክርነት መለመን ነበረባት። ከሁሉም በላይ ደግሞ ድርሰት መጻፍ አለ። «ማን ነሽ? ለምን ሐኪም መሆን ፈለግሽ?» ነው ጥያቄው። በእኛ ጊዜ ማን እንደሆንክ የጠየቀህ ፖሊስ ብቻ ነበር።

እኔም እንደ አባት ልረዳት ተነሣሁ። ሐኪም እየተከተሉ ማየት የሚባለውን ስሰማ፣ ይኼማ በዘመድ የሚያልቅ ነገር ነው አልኩ። ሳጥኔ አጠገብ ሁለት ክሊኒኮች አሉ፤ በመስኮቴ የሚያልፈው ሰው ሁሉ የኔ ዘመድ ነው። አንድ ቀን ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ሒሳብ ሊከፍል መስኮቱን ዝቅ ሲያደርግ ጎንበስ ብዬ፣ «ዶክተር፣ ልጄ ትከተልህ?» አልኩት። ሰውየው ቀይ መብራት ላይ እንኳ አልቆመም። በሳምንቱ ማዶ ካለው ሆቴል ወጥ ቤት ሽንኩርት እየላጠ በመስኮት ሲታየኝ ነው ሐኪም አለመሆኑን ያወቅኩት። ልጄ ለካ በኢሜል ጠይቃ አንዲት የሕፃናት ሐኪም መከተል ከጀመረች ወር አልፏታል። እኔ ሳልኖርበት ነው ያለቀው። ያኔ ነው ውስጤ መጀመሪያ ቆንጠጥ ያደረገኝ።

የነፃ አገልግሎቱን ደግሞ ነርሲንግ ሆም የሚሉት የአረጋውያን መጦሪያ ሄዳ ጀመረችው። ቅዳሜ ቅዳሜ። ያንን ሽማግሌ ያገኘችውም እዚያ ነው። ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ በረዶ የሚጠርግ የከተማ መኪና ሲነዳ የኖረ ነው። ቅዳሜ ማታ እራት ላይ ወሬው ሁሉ እሱ ሆነ። ዛሬ ካርታ አሸነፈኝ። ዛሬ በሽታ እንደሚለይ ሐኪም የበረዶን ዓይነት እየለየ አስረዳኝ። ዛሬ ሾርባውን መልሳችሁ ውሰዱት አለ። እኔ ሾርባ መልሱ ስል «ዳድ፣ ብላ» የምትል ልጅ የሱን ሾርባ እንደ ታላቅ ዜና ታወራለች።

«የሰው ሽማግሌ ለማጫወት አውቶቡስ ተሳፍረሽ ከምትሄጂ፣ እዚህ ሶፋው ላይ አንድ በነፃ አለልሽ» አልኳት።

«አንተ አትቆጠርም» አለችኝ።

እውነቷን ነው። የቤተሰብ ሰዓት አይቆጠርም። አባትን ማስታመም ማመልከቻው ላይ ቦታ የለውም። የሰው አባት ከሆነ ግን በሰዓት ይጻፍልሻል። ይኼን ሕግ ያወጣውን ሰው ባገኘው የምጠይቀው ነበረኝ።

አንድ ነገር ለአንባቢ ላስታውቅ። ልጄ እኔ በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ ነው የምትመልስልኝ። ከዚህ በፊትም ከዚህ በኋላም ያለውን ንግግሯን ወደ አማርኛ የመለስኩት እኔ ነኝ፤ ስመልሰውም ጥቂት አክብሮት ጣል ጣል አድርጌበታለሁ። «አማርኛ ተናገሪ» እያልኩ ሃያ ዓመት ለምኛለሁ። የምታውቀውን ቃል አፏ ውስጥ ይዛ እንደ ከረሜላ ትመጠዋለች እንጂ አታወጣውም።

አሁን ወደ ዋናው ቁስሌ ልምጣ። ሌክ ስትሪት ላይ ትንሽ ሱቅ ያለው፣ እንደኔው የወሎ ሰው የሆነ ወዳጅ አለኝ። የሱ ልጅ ከዓመት በፊት ሕክምና ትምህርት ቤት ገብቷል። የገባበትን ድርሰት አባትየው ላሚኔት አስደርጎ ከሒሳብ መቀበያው ኋላ፣ ከረመዳን ሰዓት መቁጠሪያው ጎን ሰቅሎታል። ድርሰቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስለ አባቱ ነው። አባቱ በጨለማ በረሃ ሲያቋርጥ፣ አባቱ ውሃውን ለሌላ ሰው ሲሰጥ፣ አባቱ ሁለት ሥራ ሲሠራ። ሚጥሚጣ ልትገዛ ከገባህ ሳታነበው አትወጣም። እንግሊዝኛ የማይችል ደንበኛ ከመጣ እሱ ራሱ ይተረጉምለታል፤ ሲተረጉም በረሃው በየጊዜው ይሰፋል።

«ያንተዋስ ስለማን ትጽፋለች?» አለኝ አንድ ቀን፣ ዘይት እያሸገልኝ።

«ስለኔ ነዋ! ሌላ ማን አላት?»

«ስለ ምንህ?»

ይኼን አላሰብኩበትም ነበር። «ብዙ ነገር አለ» አልኩና ዘይቴን ይዤ ወጣሁ።

ሱቅ ሙሉ ሰው ሰምቷል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጄ ሐኪም ከመሆኗ እኩል፣ እውነቱን ልናገርና ከመሆኗም በላይ፣ ያስጨነቀኝ ድርሰቱ ውስጥ መግባቴ ነበር። ገና መጻፍ አልጀመረችም ብዬ፣ ፍሬ ነገሩን ላቀብላት እራት ላይ ጀመርኩ።

«ስለ በረሃው ጻፊ» አልኳት።

«የቱ በረሃ?»

«ያቋረጥኩት።»

«ዳድ፣ አንተ የመጣኸው በአውሮፕላን ነው። ማሚ ነግራኛለች። ዶሮ ወይስ ፓስታ ብለው ነው የጠየቁህ።»

«ዶሮው ሐላል አልነበረም። ፓስታው ደግሞ ቀዝቃዛ ነው። ይኼ መከራ አይደለም?»

ባለቤቴ ሳህን እያጠበች ዞር ሳትል፣ «ሁለቴ አስጨምሯል» አለች።

«እሺ፣ ስለ ሥራዬ ጻፊ። በዚህ ብርድ መስታወት ውስጥ ተቀምጦ ልጁን ስለሚያስተምር አባት።»

«ሂተር አለህ። ሬዲዮ አለህ። ባለፈው ሞቆኛል ብለህ ጃኬትህን አውልቀህ ረስተኸው መጣህ።»

«ታዲያ ስለማን ልትጽፊ ነው?»

ጎንበስ አለች። ያሳደግኳት እኔ ነኝና ሲቸግራት አውቃለሁ። «ስለ ቅዳሜው ሰውዬ» አለች።

 የጎረስኩት ምስር አልዋጥ አለኝ፤ ውሃ ጠጣሁበት። የበረዶ መኪና ነጂ! እኔ በልጅነቷ ትኩሳት ሲይዛት በክንዴ ታቅፌ ስዞር ያደርኩት ሰውዬ ቀርቼ፣ ሾርባ መልሱ ያለ ሽማግሌ ሊጻፍለት! ወዳጄስ ምን ይላል? ሱቁ ሙሉ ምን ይላል?

በማግስቱ የዕረፍት ቀኔ ነበር። ሰውየውን በዓይኔ ማየት አለብኝ አልኩ። ጠላትም ቢሆን በሽተኛ ባዶ እጅ መጠየቅ ስለማልችል ሌክ ስትሪት ወርጄ ብርቱካን ገዛሁ።

«ማን ታመመ?» አለኝ ወዳጄ።

«ጠላቴ» አልኩት።

«አላህ ያሽረው» አለ፣ ፌስታሉን እያቀበለኝ። አሜን ለማለት ጥቂት ዘገየሁ።

ነርሲንግ ሆሙ ምንጣፉ ወፍራም፣ ሙቀቱ ከባድ ነው። ሽማግሌውን መስኮት ዳር አገኘሁት፤ ፊት ለፊቱ ያለው የመኪና ማቆሚያ ላይ በረዶ እየጠረጉ ነው፣ እሱ ደግሞ አጠራረጋቸውን እየተመለከተ ራሱን ይነቀንቃል። የማን አባት እንደሆንኩ ነገርኩት። ከጫማዬ እስከ ባርኔጣዬ መረመረኝና ጮክ ብሎ፣ ጥርት ባለ አማርኛ፣ «እንዴት ነሽ?» አለኝ።

ብርቱካኑ ከእጄ ሊወድቅ ነበር። «ነሽ» ማለቱ አይደለም ያስደነገጠኝ። አማርኛ! ለእኔ ሃያ ዓመት ተለምና ያልሰጠችውን ለዚህ ሰው በየቅዳሜው ትመጸውታለች!

«ጤናዎ እንዴት ነው?» አልኩት በእንግሊዝኛ፣ ምቀኝነቴ እንዳይታወቅ ድምፄን አለስልሼ።

«ብዙም አይከፋ» አለኝ፣ እሱም ወደ እንግሊዝኛው ተመልሶ። የዚህ አገር ሰው ቤቱ ሲቃጠል የሚለው ይኼንኑ ነው። ግን የወንበሩን መደገፊያ የጨበጠበት እጁ አጥንቱ ነጥቶ ይታየኝ ነበር።

በዚህ መሀል አንዲት ረዳት ነርስ ልታስተካክለው ገባች። «ያምዎታል?» አለችው። «ብዙም አይከፋ» አላት። በብብቱ ገብታ ብድግ ስታደርገው ግን ሽማግሌው ዓይኑን ጨፈነ፤ አየር በአፍንጫው ሳበ፤ ጥቂት ያዘው፤ ከዚያም ግድግዳው እስኪሰማ ድረስ ለቀቀው።

«ውውውይ… ወገቤን! ወላሂ ይኼስ ወገብ አይደለም!»

እኔ ነኝ! እኔው ነኝ። አሳሳቡ፣ መሀል ላይ ያለችው ዝምታ፣ «ውይ» የምትለዋ ከታች ተነሥታ የምትወጣው ዳገት፣ መሐላው ሳይቀር። እኔ ከሶፋ ስነሣ የማሰማት፣ ከአባቴ ወርሼ ብዙ ያሻሻልኳት፣ በዓለም ላይ የኔ ብቻ የሆነች ማቃሰት ናት። ዕድሜውን በሉተራን ቤተ ክርስቲያን የጨረሰ የሚኒሶታ ሽማግሌ እኔ ፊት ወላሂ እያለ በማቃሰቴ ያቃስታል!

ነርሷ ደግሞ ምንም ሳይገርማት «አሃ፣ ወገብ» አለችና ትራስ አምጥታ ከወገቡ ኋላ ሸጎጠችለት። ሽማግሌው ፊቱ ፈታ አለ። እኔን አየት አድርጎ፣ «ጥሩ ነው?» አለኝ፣ ፈተና እንደተፈተነ ተማሪ።

ጥሩ ነበር። ከኔ ይሻል ነበር ማለት ይቻላል፤ ደረቱ ሰፊ ነው። ብርቱካኑን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩና ወጣሁ። አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጬ ቀስ ብዬ ሞከርኩት። አጠገቤ ያለችው ሴትዮ ተነሥታ ሌላ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

ማታ ልጄ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ ያዝኳት።

«ማቃሰቴን ለሰው ሰጠሽ!»

ሳቋን ለመያዝ ሞከረች፤ አቃታት። ባለቤቴም ወጥ ቤት ውስጥ ሳቀች። ያን ጊዜ ነው እሷም እንዳለችበት የገባኝ። ለካ ቅዳሜ ከሰዓት ስልኩን አንሥታ «ወገብ»፣ «ጉልበት»፣ «የጎን አጥንት» እያለች ቃል በቃል ስትቆጥር የነበረው እኔን እያማችኝ ሳይሆን ለልጇ ትምህርት እየሰጠች ነው። እኔ በቤቴ ውስጥ ሦስተኛ ወገን ሆኛለሁ።

«ቁጭ በል ዳድ» አለች ልጄ፣ ሶፋው ላይ አጠገቤ እየተቀመጠች። «ሰውየው መተኛት አልቻለም ነበር። ነርሶቹ ያምሃል ወይ ሲሉት ሁልጊዜ ‘ብዙም አይከፋ’ ነው የሚላቸው። እነሱም አመኑት። እኔ ካርታ ስንጫወት እጁን አየው ነበር፤ ይንቀጠቀጣል። አንድ ቀን ስላንተ ነገርኩት። አባቴ ከሶፋ ሲነሣ ጎረቤት ሁሉ ያውቃል ብዬ። ሳቀ። እስቲ አሰሚኝ አለኝ። አሰማሁት።»

«ደህና አድርገሽ?»

«ደህና አድርጌ። አስተምሪኝ አለኝ፣ ለቀልድ። ቀልዱን ሲሞክር ግን እንባው መጣ። ለካ በእውነት እያመመው ነው። በእንግሊዝኛ ማቃሰት አይችልም ዳድ። በእንግሊዝኛ ሲያቃስት የሞተ አባቱ የሚሰማው ይመስለዋል። በአማርኛ ግን የሚያውቀው ሰው አይሰማውም። ከዚያ የት እንደሚያመው እንዲናገር ቃሎቹን ከማሚ እየጠየቅኩ አስተማርኩት። ለነርሶቹም ነገርኳቸው። መድኃኒቱን ቀየሩለት፤ አሁን ይተኛል። ድርሰቴ ስለዚህ ነው።»

 አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ። «ታዲያ ማቃሰቱ የኔ ከሆነ፣ እኔ ድርሰቱ ውስጥ አለሁ ማለት ነው!»

«ነበርክ» አለች። «አወጣሁህ።»

«ለምን ተብሎ?»

«ያፍራል ብዬ። የቤታችንን ገመና ውጭ አታውሪ የምትለው አንተ አይደለህም? ሰው ሁሉ አባቱን ጀግና አድርጎ ሲጽፍ እኔ እንዴት እንዲህ ብዬ እጽፋለሁ?» ኮምፒውተሯን ከፍታ አነበበችልኝ። አባቴ በደቡብ ሚኒያፖሊስ ካሉ ሰዎች ሁሉ ጮክ ብሎ የሚያማርር ሰው ነው፣ ይላል። «ግን አማካሪዬ ድርሰቱ ቀዳዳ አለበት አለችኝ። ይኼ ማቃሰት ከየት መጣ? ከየት እንደመጣ ካልጻፍኩ አንባቢ አያምነኝም። እንደዚህ ሆኖ ከላክሁት ለቃለ መጠይቅ የሚጠሩኝ አይመስለኝም። ስለዚህ… አባዬ…»

«አባዬ» በአማርኛ ነው ያለችው። ያቺን ቃል የምታወጣው ስትቸገር ብቻ ነው።

ነገሩ ገባኝ። የልጄ ሕክምና መግባት የኔ ማማረር ላይ ቆሟል። መደራደር ጀመርኩ።

«‘ጮክ ብሎ’ የሚለው ይውጣ።»

«ዋናው እሱ እኮ ነው።»

«እሺ፣ ‘ጀግና’ የምትል አንዲት ቃል ጣል አድርጊ።»

«የት ጋ?»

«‘የሚያማርር’ ከሚለው በፊት።»

«በጀግንነት የሚያማርር?»

«እሱስ እውነት ነው» አለች ባለቤቴ ከወጥ ቤት።

ላስብበት ብዬ ተነሣሁ። ስነሣ ወገቤ ያዘኝ፤ ሁለቱም ጆሯቸውን ሲያቀኑ ስላየሁ ከንፈሬን ነክሼ ያለ ድምፅ ተነሣሁ። እንደዚያ ያመመኝ ቀን የለም።

በማግስቱ ሳጥኔ ውስጥ ሆኜ ቀኑን ሙሉ አሰብኩ። ወዳጄ ግድግዳ ላይ አንበሳ ሆኖ ተሰቅሏል። እኔ ምን ሆኜ ልሰቀል ነው? ከሶፋ መነሣት ያቃተው ሰው ሆኜ? ሰው ‘በረሃ ያቋረጠው’ ሲባል እኔ ‘ውይ ወገቤን’ ልባል? ይቅር፣ ሌላ ነገር ትጻፍ ልል ስልኬን አወጣሁ። ክዳኗን ከፈትኩ። ከዚያ ግን ያ ሽማግሌ በዓይኔ መጣ፣ ያንን ሰፊ ደረቱን ነፍቶ «ጥሩ ነው?» ሲለኝ። እኔ ከድርሰቱ ከወጣሁ ማቃሰቱ የሱ ሆኖ ይቀራል። ዶክተሮች ሰብሰብ ብለው ያነቡታል፤ የበረዶ መኪና ነጂው ያመጣው ግሩም ማቃሰት ይላሉ። ይኼንን ልፈቅድ አልቻልኩም።

አንባቢ ሆይ፣ ያስፈቀደኝ አባታዊ ፍቅር ነው ብል ደስ ባለህ ነበር። ቅናት ነው።

«ጻፊው» አልኳት በስልክ። «እንዳለ ጻፊው። ወላሂው እንዳይቀር።»

ጻፈችው። አንብባ ስታሰማኝ እኔ አንድ አንቀጽ፣ እሱ ከአራት በላይ ነው። ብቆጣም «ቦታ የለም ዳድ» ተባልኩ። ማመልከቻው ተላከ፣ የመግቢያ ፈተናው አለፈ፣ በቀጣዩ ዓመት የበረዶው ወራት ሲያበቃ ለቃለ መጠይቅ ተጠራች። እዚህ ላይ ደግሞ የኔ አስተዳደግ መጣባት። ትልቅ ሰው ፊት ዓይን መስበር፣ ስለራስ አለመናገር፣ ሲያመሰግኑህ «ኧረ ምንም አይደለም» ማለት፤ ይኼን ሁሉ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። እዚህ አገር ዓይኑን የሰበረ ሰው የሆነ ነገር የሰረቀ ይመስላቸዋል። ስንለማመድ እኔ ጠያቂ ሆንኩ፤ ዓይኔን እያየች «እኔ ጎበዝ ነኝ» እንድትለኝ አደረግኳት። መጀመሪያ ቀን ምንጣፉን እያየች ነው ያለችው። እያየችኝ ስትለው ደግሞ፣ አልዋሽም፣ በጥፊ ልላት ምንም አልቀረኝም ነበር። ልማድ ክፉ ነው።

ከቃለ መጠይቁ ስትመለስ በር ላይ ጠበቅኳት።

«ምን ጠየቁሽ?»

«ስላንተ።»

«ስለኔ! ምን ብለው?»

«አባትሽ እንዴት ነው የሚያቃስተው አሉኝ።»

«አደረግሽላቸው?»

«አደረግኩላቸው። አንዷ ሐኪም ሳቀችና ከዚያ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ጠረገች። የሷም አባት ‘ብዙም አይከፋ’ እያለ ነው የሞተው።»

«ዓይናቸውን እያየሽ ነው?»

«‘ውይ’ ላይ ዓይን ይጨፈናል ዳድ።»

አሁን ይህች ልጅ በደንብ ተምራለች አልኩ በልቤ።

ተቀበሏት። እዚሁ ከተማ ነው፣ ከቤት አልራቀችም። ድርሰቱን ይዤ በቀጥታ ሌክ ስትሪት ሄድኩ። ወዳጄ መነጽሩን አድርጎ ቆሞ አነበበው። ረጅም ጊዜ ወሰደበት።

«እንዲህ ብላ ጽፋህ አስገቧት?»

«አስገቧት።»

«በመጀመሪያው?»

«በመጀመሪያው።»

ወደ ተሰቀለው ወረቀት ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የኔው በተጠባባቂ ነው የገባው። ለማንም አትንገር። በረሃውም ቢሆን አብዛኛው በጭነት መኪና ነው።» ሚጥሚጣ ጨመረልኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀናብኝ አየሁት። ቤቴ እስክደርስ ድረስ ሞቀኝ።

የሞቀኝ ግን እስከ መስከረም ብቻ ነው። ትምህርቷ ሲጀመር ቅዳሜ የሚባል ቀን ጠፋ። ነርሲንግ ሆም መሄድ ቀረ፤ እኛም ቤት ብትመጣ በልታ ትተኛለች። እኔ ግን ጠረጠርኩ። ለኛ ጊዜ የለኝም ብላ እዚያ ሽማግሌ ጋ በጓሮ ትሄድ ይሆናል አልኩ። ላጣራ ብርቱካን ይዤ ሄድኩ።

ሽማግሌው መስኮቱ ዳር ነው። ገና ሳልቀመጥ፣ «አንተጋ ትመጣለች?» አለኝ በጥርጣሬ።

«እኔጋ? እኔ አንተጋ ትመጣለች ብዬ ነው የመጣሁት።»

«ታዲያ የት ናት?»

«አንድ ሬሳ አላት» አልኩት። እውነት ነው። ትምህርታቸው መጀመሪያ ላይ ገላውን ለትምህርት ይሁን ብሎ የተናዘዘ ሰው ይሰጧቸዋል፤ ዓመቱን ሙሉ ከሱ ጋር ናቸው። ልጄ ስለሱ ስታወራ ድምፅዋ ዝቅ ይላል። ዛሬ ትከሻን አሳየኝ ትላለች። ዛሬ ስለ እጅ ብዙ አስተማረኝ ትላለች። እንደኛ ሽማግሌ ሰውዬ ነው።

«በየቀኑ ነው የምትሄደው?» አለ።

«በየቀኑ። እሑድም።»

ሽማግሌው ብርቱካኑን እየላጠ አሰበ። «ዕድሜው ስንት ነው?»

«ሰማንያ ምናምን።»

«ልጅ ነው» አለ በንቀት። አንድ ፍሬ አቀበለኝ። «እሱ ያቃስታል?»

«በምኑ ያቃስታል?»

«ካርታ አይጫወት። አያቃስት።» ራሱን ነቀነቀ። «ታዲያ ምን አይታበት ነው?»

አስተግፊሩላህ፣ በሞተ ሰው አይቀናም። እኔ ግን የበረዶ መኪና ነጂው አጠገብ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና፣ «እኔም የሚገርመኝ እሱ ነው» አልኩት።